በፈጣኑ ነው ወይስ በአሮጌው?

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የሕዝብ መኪና ነገር ዛሬም ያው ነው። አዳማ ላይ «በፈጣኑ፣ በፈጣኑ!» (በክፍያው ፈጣን መንገድ ማለት ነው) እየተባለ ይጫናል፤ ሒሳብ ተሰብስቦ ሲያልቅ መኪናው በአሮጌው መንገድ ወደ ሞጆ ይነጉዳል። በአሮጌው የክፍያ ጣቢያ የለም፤ በዚያ ላይ ሞጆ፣ ቢሾፍቱና ዱከም ላይ እያወረደ ሌላ ይጭናል። ተሳፋሪው የከፈለው ግን የፈጣኑን ነው። ስለዚህ ብር ከመስጠታችሁ በፊት ረዳቱን ሳይሆን ሹፌሩን ጠይቁ፤ ሰው እየሰማ። ግማሹ ተሳፋሪ ዱከምና ቢሾፍቱ ወራጅ ከሆነማ መልሱን አግኝታችኋል።

«ሁለት ሰው ብቻ የቀረው» የሚባለውም ሁሌ እውነት አይደለም። ከተቀመጡት አንዳንዶቹ መኪናው የሞላ እንዲመስል የገቡ ናቸው፤ እናንተ ስትገቡ እነሱ ይወርዳሉ። ቦርሳ የሌለው፣ በሩ አጠገብ የተቀመጠ፣ ሒሳብ ሲጠየቅ በመስኮት ወደ ውጭ የሚያይ ሰው ካያችሁ ገና ብዙ ትጠብቃላችሁ።

ፈጣኑ መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱ ላይ ብዙም ችግር የለም። ፈተናው አዲስ አበባ መግቢያ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ክፍያ ተከፍሎ ከተወጣ በኋላ ነው። ከዚያ እስከ ቃሊቲ ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፉ መንፏቀቅ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ የሚገባ ሰው ከንጋቱ 11፡30 በኋላ ከአዳማ ከተነሳ ለአለቃው የሚነግረውን ምክንያት እያሰበ ይሂድ።

ማታ ደግሞ መኪና ይጠፋል፣ ታሪፍ ይረሳል። ዝርዝር ብር ያዙ፤ «ስንደርስ እሰጥሃለሁ» የተባለ መልስ መውረጃው ላይ በግርግር ይቀራል።