የካፒቴን ሃዶክ ድምፅ

በልጅነቴ ካፒቴን ሃዶክ የሚናገረው በወንድሜ ድምፅ ነበር። ሃዶክ የወጣቱ ጋዜጠኛ የቲንቲን ጓደኛ፣ ቁጡ የመርከብ አዛዥ ነው። እቤት የነበሩን የቲንቲን የሥዕል ታሪክ መጻሕፍት በፈረንሳይኛ የተጻፉ ናቸው። እኔ ደግሞ ከፈረንሳይኛ አንዲት ቃል አላውቅም። ወንድም ጋሼ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። እሱም ቋንቋውን እምብዛም እንደማያውቅ የገባኝ በጣም ቆይቼ ነው። ገጹን ይገልጥና ሥዕሉን ትንሽ ያያል። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ «ያነብልኛል»። ሃዶክ ሲናደድ «አንተ የዛገ ባልዲ! አንተ ጢም ያበቀልክ ድንች!» ይላል። መጽሐፉ ላይ ቃል በቃል እንደዚያ የተጻፈ ይመስለኝ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2011 ስቲቨን ስፒልበርግ ቲንቲንን ፊልም አድርጎ ሲያወጣው ብቻዬን ቁጭ ብዬ ማየት ጀመርኩ። ግማሹ ላይ አቋረጥኩት። ሃዶክን የሚጫወተው አንዲ ሰርኪስ ነው፤ የሚናገረውም በስኮትላንድ ቅላፄ ነው። ድምፁ ግን የወንድሜ አይደለም። ፈረንሳይኛው ላይ ሚሉ የሚባለው ነጩ ውሻ እንግሊዝኛው ላይ ስኖዊ ነው። ስኖዊ ብለው ሲጠሩት የገዛ ውሻዬን ወስደው ሌላ ስም ያወጡለት ያህል ከፋኝ። የቲንቲን ዓይንም አልዋጥልህ አለኝ። መጽሐፉ ላይ የቲንቲን ዓይን ሁለት ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው። ፊልሙ ላይ ብሌንም ሽፋሽፍትም አለው። ስለዚህ ዘጋሁት። ለጠየቀኝ ሁሉ «ጥሩ አይደለም» እያልኩ ብዙ ዓመት ኖርኩ።

ልጄ ስምንት ዓመት ሲሞላው እነዚያን መጻሕፍት ካርቶን ውስጥ አገኛቸው። «ፊልም አለው?» አለኝ። «አለው፤ ግን ጥሩ አይደለም።» «ጨርሰሽ አይተሽዋል?» መልስ አጣሁ። ያላየሁትን ነገር ነበር ለካ ስኮንን የኖርኩት። ያኔ በደንብ ላየው ወሰንኩ።

ፊልሙ ታሪኩን የወሰደው በዋናነት ከሦስት መጻሕፍት ነው። «ባለ ወርቅ መቆንጠጫው ሸርጣን»፣ «የሊኮርን ምስጢር» እና «የቀዩ ራካም ሀብት» ናቸው። ሦስቱንም ከፊልሙ በፊት ከልጄ ጋር ለማንበብ ተነሣን። ማታ ማታ ዐሥር ገጽ። እያንዳንዱ መጽሐፍ 62 ገጽ ስለሆነ አንዱን በሳምንት እንጨርሳለን ብዬ አሰብኩ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምሽቶች ከሸፉ። ዛሬ ፈረንሳይኛ እንደምንም አነባለሁ፤ መዝገበ ቃላትም አጠገቤ አስቀምጫለሁ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በጥንቃቄ ተረጎምኩለት። ልጁ ማዛጋት ጀመረ። አራተኛው ቀን ላይ ነገሩን ገለበጥኩት። ጽሑፉን በእጄ ሸፈንኩና «አንተ ንገረኝ፣ ምን እያሉ ነው?» አልኩት። ከዚያ በኋላ ማን ያስቆመው! ዐሥር ገጽ አልበቃ አለን።

ይህ እንዲሁ የሆነ አይደለም። ቤልጂየማዊው ሠዓሊ ሲሣል እንዲህ እንዲነበብ አድርጎ ነው። ስሙ ዦርዥ ረሚ ነው፤ የስሙን መነሻ ፊደላት ገልብጦ ኤርዤ ብሎ ፈረመ። ቲንቲንን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1929 ለልጆች በሚታተም የጋዜጣ ተጨማሪ ላይ ነው። አሣሣሉ «ግልጽ መስመር» ይባላል። መስመሩ ሁሉ ጥርት ያለ ነው። ቀለሙ ወጥ ነው፤ የጥላ ጭረት አይበዛበትም። ማን የት እንደቆመ፣ ማን ወዴት እንደሚሮጥ በአንድ እይታ ይገባል። ወንድም ጋሼ ቋንቋውን ሳያውቅ ታሪኩን ሳይስት ሊያነብልኝ የቻለው ለዚህ ነው። ይህንን ያወቅኩት ልጄ ሲያወራ እየሰማሁ ነው፤ እሱም ታሪኩን አልሳተም።

ሦስቱን ስንጨርስ ፊልሙን ከፈትን። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ሠራሁ። በየአምስት ደቂቃው እያቆምኩ «መጽሐፉ ላይ እኮ እንዲህ አይደለም» እላለሁ። ፊልሙ ላይ ክፉ የሆነው ሳካሪን መጽሐፉ ላይ የመርከብ ሞዴል የሚሰበስብ ሰው ነው እንጂ ዋናው ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህንንም ለማስረዳት አቆምኩ። ልጄ ሪሞቱን ከእጄ ወሰደና «እማዬ፣ ዝም ብለን እንይ» አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲያ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። የሚከነክነኝን እጽፋለሁ፤ ክርክሩ ፊልሙ ሲያልቅ ነው። ማነጻጸር የሚወድ ሰው ሁሉ ይህንን ቢያደርግ ደስ ይለኛል፤ አብሮት ያለውም ሰው ፊልሙን ያያል።

ወረቀቴ ላይ በብዛት የተጻፈው ስለ አንድ ትዕይንት ነው። መጽሐፉ ውስጥ ሃዶክ የጥንት አያቱን የባሕር ጦርነት ለቲንቲን የሚተርከው እቤቱ ሆኖ ነው። የአያቱን ባርኔጣ ደፍቶ፣ ሰይፉን ጨብጦ፣ እየጠጣ፣ ወንበር እየገለበጠ ይተውነዋል። አንዱ ሥዕል ላይ ሃዶክ ክፍሉ ውስጥ ሰይፍ ያወዛውዛል፤ ቀጣዩ ላይ አያቱ መርከቡ ላይ። መጨረሻ ላይ ጭንቅላቱ በአያቱ ሥዕል ሸራ ውስጥ ቀዶ ይወጣል። በልጅነቴ ከሁሉም የምወደው ገጽ ነው። ወንድም ጋሼ እዚህ ገጽ ላይ ሲደርስ አልጋ ላይ ይቆም ነበር።

ፊልሙ ይህንን ወደ በረሃ ወስዶታል። ሃዶክ በውሃ ጥም ተቃጥሎ አሸዋ ላይ ይንገዳገዳል። ድንገት የአሸዋው ክምር ማዕበል ይሆናል፤ በላዩም መርከቡ ሸራውን ዘርግቶ ይመጣል። ትንፋሼን ይዤ ነው ያየሁት። በሁለት ሥዕሎች መካከል ያለውን ባዶ መስመር በልጅነታችን የምንዘልለው በራሳችን ሐሳብ ነበር። ፊልም ያ ባዶ ቦታ የለውም። ስለዚህ ስፒልበርግ መዝለሉን ራሱን አሳየን፤ አሸዋው ባሕር ሲሆን። መጽሐፉን የሚወድ ሰው እንደሠራው ያመንኩት እዚህ ላይ ነው።

ሁሉም አልተዋጠልኝም። ጆሮው የማይሰማው ፕሮፌሰር ቱርንሶል የመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣው «የቀዩ ራካም ሀብት» ላይ ነው፤ ፊልሙ ውስጥ ግን የለም። የሻርክ ቅርጽ ያላት የባሕር ሰርጓጅ መርከቡም የለችም። ልጄ እስከ መጨረሻው «አሁን ትመጣለች» እያለ ጠበቃት። እኔም ጠብቄያለሁ።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን ያኔ በንዴት ሳላስተውል ያለፍኩት ነገር ነው። ፊልሙ ሲጀምር ገበያ ውስጥ አንድ ሠዓሊ ቲንቲንን ይሥላል። ሠዓሊው ቁርጥ ኤርዤን ነው። ሥዕሉን ሲያሳየው ወረቀቱ ላይ ያለው ያ የማውቀው የመጽሐፉ ቲንቲን ነው፣ በሁለት ነጥብ ዓይኑ። ኤርዤ እ.ኤ.አ. በ1983 አርፏል፤ ፊልሙን አላየውም። የመጀመሪያው ትዕይንት ላይ ግን አስቀምጠውታል። አለቀስኩ።

በነጋታው ለወንድም ጋሼ ደወልኩለት። ቅዳሜ መጣ። ልጄ ሳይውል ሳያድር መጽሐፉን አምጥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠለት፤ ያንን ገጽ ገልጦ። «አጎቴ፣ አንብብልኝ።» ወንድም ጋሼ መነጽሩን አደረገ። ሥዕሉን ትንሽ አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንተ ክዳንህ የጠፋ ድስት!»

ልጄ መጀመሪያ ጽሑፉን፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። «እውነት እንደዚህ ነው የሚለው?»

«አዎ» አልኩት።