ደህና የዋልኩበት ቀን ነበር የሚጥለኝ

ላይም የሚባለውን፣ በመዥገር ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ ታምሜ፣ መድኃኒቱን ጨርሼ፣ "አሁን ድነሻል" ከተባልኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዛሬ የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለመጣው ነው። በሽታው ታክሞ ስለሚቀረው ድካም አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው። ከቤታችን ጀርባ ጎመንና ቃሪያ እተክላለሁ። ከአጥሩ ወዲያ ጫካ ነው፣ አጋዘኖች ማታ ማታ እየመጡ ጎመኔን ይበላሉ። መዥገር ለኔ አዲስ ነገር አይደለም፣ ከላም ላይ እየነቀልን ነው ያደግነው። ያ የማውቀው ግን ደም ጠጥቶ ባቄላ የሚያክለው ነው። ላይም የሚያስይዘው የዚህ አገር መዥገር ገና ትንሽ ሳለ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም አይበልጥም። ሲነክሰኝም አላየሁት።

ሰኔ ላይ ከጉልበቴ ጀርባ የሆነ ነገር ወጣብኝ። ሁሉም ቦታ የሚታየው ፎቶ ነጭ ቆዳ ላይ ያለ ቀይ ቀለበት ነው። የኔ እንደዚያ አልነበረም። የተመታ ቦታ ይመስል ጠቆር ብሎ ሰፋ፣ አያሳክክም፣ ትንሽ ይሞቃል። አርጀንት ኬር የሚሉት ያለ ቀጠሮ የሚታከሙበት ክሊኒክ ሄድኩ፣ አለርጂ ነው ብለው ቅባት ሰጥተው መለሱኝ። በጥቁር ቆዳ ላይ ይህ ምልክት ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ እንደሚያልፍ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ ቀይ ቀለበት እስኪወጣ አትጠብቁ። በየቀኑ እየሰፋ የሚሄድ ነገር ካያችሁ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምሩበት፣ ፎቶ አንሱት፣ ከመስመሩ ካለፈ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ "ላይም ቢሆንስ?" ብላችሁ ራሳችሁ ጠይቁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የደም ምርመራው ምንም ላያሳይ ይችላል፣ ሰውነት አንቲቦዲ፣ ማለትም ምርመራው የሚፈልገውን የመከላከያ ንጥረ ነገር፣ ለመሥራት ጊዜ ይወስድበታልና። በዚያን ጊዜ ዋናው ማስረጃ ቆዳው ነው።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ስነሳ የፊቴ ግማሽ ወድቋል። እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ እኛ ጋ ነበረች። "ልጄ፣ ንፋስ መትቶሽ ነው" አለችና ዳማከሴ ፈልጉ ብላ ቤቱን አተራመሰችው። ባለቤቴ ሆስፒታል ወሰደኝ። በዚህኛው ግን ገና ከመቀመጤ ስለ ጓሮና ስለ መዥገር ጠየቁኝ። ደሜ ሁለት ደረጃ ባለው ምርመራ አለፈ፣ ላይም ነው ተባለ። የታዘዘልኝ ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ነው፣ 100 ሚሊግራም፣ በቀን ሁለቴ፣ ለ21 ቀን። ከወተት ጋር አይወሰድም፣ ፀሐይ ያቃጥላል፣ በባዶ ሆድ ደግሞ እኔን በጣም ያስመልሰኝ ነበር። መሃሉ ላይ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ገባ። ንስሐ አባቴ ጋ ደውዬ ስጠይቃቸው "የታመመ ሰው በልቶ መድኃኒቱን ይውሰድ፣ ለሌላ ጊዜ ትደርሺበታለሽ" አሉኝ። ጠበሉንም ጠጣሁ፣ መድኃኒቱንም አንድ ቀን ሳላጓድል ጨረስኩ።

ፊቴ በሁለት ወር ተመለሰ። ሌላው ግን አልተመለሰም።

ድካም ስል ከሥራ የሚመጣውን ማለቴ አይደለም። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተኝቼ ስነሳ ደክሞኝ ነው። ሕመሙ ዛሬ ጉልበቴ ላይ፣ ነገ ትከሻዬ ላይ ነው። ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። አንድ ቀን ሱቅ ቆሜ "ሽንኩርት" የሚለው ቃል ጠፋኝ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ምርመራው በሙሉ ደህና ነው ይሉኛል። እናቴ በስልክ "አገረሸብሽ እንዴ?" ትላለች። ፍርሃቷ ይገባኛል፣ በኛ አገር በቅማል የሚተላለፈውን የሚያገረሽ ትኩሳት ታውቃለች፤ የዚያ ጀርምና የላይም ጀርም ደግሞ ዘራቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም ቦረሊያ ናቸው። የኔ ግን ግርሻት አልነበረም። የቤተሰብ ሐኪሜ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ከታከሙት ከ100 ሰው ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ላይ ድካሙ፣ ሕመሙና የሐሳብ መበታተኑ ከስድስት ወር በላይ ይቆያል። ሕክምናው ካለቀ በኋላ የሚቀር ስለሆነ የራሱ ስም አለው፣ በእንግሊዝኛ Post-Treatment Lyme Disease Syndrome ይባላል። ስም እንዳለው መስማቴ ብቻ ትልቅ እረፍት ሰጠኝ።

በዚያው ሰሞን የማውቃት ሴት ለወራት በደም ሥር አንቲባዮቲክ የሚሰጥ ቦታ ጠቆመችኝ። ዋጋው በሺዎች ነው፣ ተስፋ ስለቆረጥኩ ልበደር ነበር። ሐኪሜን ስጠይቃት በጥናት ተሞክሮ ምንም ከሌለው መድኃኒት እንዳልተሻለ፣ በደም ሥር የሚገባው ቱቦም ራሱ ኢንፌክሽን እንደሚያመጣ ነገረችኝ። ተውኩት። ገንዘቡን ስላተረፍኩ ዛሬም ደስ ይለኛል።

የለወጠኝ ያኔ የዋለው ፋሲካ ነው። ቅዳሜ ደህና ነበርኩ። በጣም ደህና። ደስ ብሎኝ ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ከተፍኩ፣ ሁለት ዶሮ ሠራሁ፣ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ቆምኩ፣ እሁድ አሥራ አምስት ሰው አስተናገድኩ። ማክሰኞ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። እስከ ቅዳሜ ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ ደብተር ገዛሁ። ጠዋትና ማታ ላለኝ አቅም ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር እሰጣለሁ፣ ከሥሩ ምን እንደሠራሁ እጽፋለሁ። በሁለት ወር ውስጥ ነገሩ ፊት ለፊት ታየኝ። የሚጥለኝ መጥፎው ቀን አልነበረም። የሚጥለኝ ከሁለት ቀን በፊት ደህና የሆንኩበትና የተጠራቀመውን ሥራ ሁሉ ልጨርስ የተነሳሁበት ቀን ነው። ስለዚህ ደህና ስሆን ማቆም ተማርኩ፣ እጅግ ከባዱ ይሄ ነበር። ስድስት ቢኖረኝ ሦስቱን ብቻ እጠቀማለሁ። ሽንኩርት ተቀምጬ እከትፋለሁ፣ ከሁለት ቀን በፊት። ሳይደክመኝ ሃያ ደቂቃ እጋደማለሁ፣ ስልክ ሳልይዝ። እግር ጉዞ በአምስት ደቂቃ ጀመርኩ፣ በየሳምንቱ አንድ ደቂቃ ጨመርኩ፤ አሁን ግማሽ ሰዓት እሄዳለሁ። ከቡናው አቦሉን ጠዋት እጠጣለሁ፣ ከሰዓት ግን ለቶናና ለበረካ ከሰው ጋር እቀመጣለሁ እንጂ አልቀምስም፣ እንቅልፌ የተስተካከለው ያኔ ነው።

ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። የሐኪም ደብዳቤ ይዤ ከሌሊት ፈረቃ ወደ ቀን ተዛወርኩ። መድኃኒት ስሰጥ ስሙን ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ወረቀት ላይ ምልክት አደርጋለሁ፣ በአእምሮዬ አልተማመንም። ሰዓቴ ሲቀንስ ደሞዜም ቀነሰ። ለወንድሜ ደውዬ "ከዚህ ወር ጀምሮ የምልከው ግማሽ ነው" ስለው ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ዝም ብሎ ቆየና "እህቴ፣ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽንም?" አለኝ።

ልክ ነው፣ አልነገርኳቸውም። እንዴት ነሽ ስንባል "እግዚአብሔር ይመስገን" እንላለን፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ፊቴ ደህና ስለሚመስል ማንም አይጠይቅም። ውስጤ ግን ጨልሞ ነበር፣ ቁጣው ልጆቼ ላይ ይወጣል፣ መኖር የደከመኝ ሌሊትም ነበር። ያንን ሌሊት ለሐኪሜ ነገርኳት። አማርኛ የምትናገር የሥነ ልቦና አማካሪ አገኘሁ፣ በቪዲዮ በየሳምንቱ ለስምንት ወር አወራን። እዚህ አሜሪካ ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ ሌሊት ከመጣባችሁ መኖር ለከበደው ሰው የተዘጋጀው የስልክ መስመር 988 ላይ ደውሉ፣ ጠዋት እስኪሆን አትጠብቁ። አሁን ሰው ሲጠይቀኝ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ግን አሞኛል" እላለሁ። ቅዳሴ ላይ ሲደክመኝ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ሰው አየኝ ብዬ አንገቴን እደፋ ነበር። አንዲት እናት አጠገቤ መጥተው ነጠላዬን አስተካከሉልኝና "አይዞሽ" ብለውኝ ሄዱ።

ጓሮውን አልተውኩም። የጓሮ ልብሴ ላይ ፐርሜትሪን የሚባለውን መዥገር የሚገድል መድኃኒት እረጫለሁ፣ ስገባ ልብሱን ደረቁን አሥር ደቂቃ በኃይለኛ ሙቀት ማድረቂያ ውስጥ እከተዋለሁ። ማታ ልጆቹን ከጉልበት ጀርባ፣ ከብብት፣ ከፀጉር ሥር አያለሁ። መዥገር ከተገኘ ወረንጦ ቆዳው ድረስ አስጠግቶ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፣ በቅቤም በእሳትም አይደለም። በ24 ሰዓት ውስጥ ከወጣ ላይም የማስያዝ ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው።

ዘንድሮ ለፋሲካ ዶሮውን ባለቤቴ ሠራው። እኔ ወንበር ላይ ሆኜ በርበሬው መቼ እንደሚገባ ነገርኩት፣ ልጄ እንቁላል ላጠ። የጠራነው ስድስት ሰው ብቻ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ደብተሬ ላይ ስድስት ጻፍኩና ሥራ ሄድኩ።