«ምንም የለኝም» ያለው የፍርድ ባለዕዳ

የተሰጠ ፍርድ በሚፈጸምበት አፈጻጸም ችሎት ደጃፍ የዋለ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው «ምንም የለኝም» የሚለውን ነው። እኔ የምሠራበት ጥብቅና ቢሮ የያዘው አናጢም የታሰረው ይህንኑ ብሎ ነው።

ሰውየው ለጓደኛው የ180,000 ብር ብድር ዋስ ሆኖ ፈረመ። ጓደኛው ሲጠፋ ፍርዱ እሱ ላይ አረፈ። የአፈጻጸም መዝገብ ተከፍቶ መጥሪያ ሲደርሰው ቀረበና «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ድሃ ነኝ፣ ምንም የለኝም» አለ። የባለመብቱ፣ ማለትም የአበዳሪው፣ ጠበቃ ግን ባዶ እጁን አልመጣም። ክሱ ከተጀመረ በኋላ የባጃጁ ስመ ሀብት ወደ ወንድሙ መዛወሩን የሚያሳይ የሊብሬ ኮፒ አቀረበ። ዳኛዋ ብዙ አልጠየቁም፤ ንብረት እያለው ደብቋል ብለው እንዲታሰር አዘዙ።

ሚስቱ ቢሮ ስትመጣ ሁለት ወረቀት ይዛለች። አንዱ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ያዘጋጁላት አካል ነፃ የማውጣት አቤቱታ፣ ሌላው የቀበሌ የድህነት ማስረጃ። አለቃዬ ሁለቱንም አንብበው መለሱላት።

«እህቴ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 177 አካል ነፃ ማውጣት የሚጠየቀው ያለ ሕግ ለተያዘ ሰው ነው። ባልሽን ያሰረው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ስለሆነ መፍትሔውም እዚያው ትእዛዙን የሰጠው ችሎት ነው ያለው። ቀበሌውም ድሃ ነው ይላል እንጂ ባጃጁ የት እንደገባ አይናገርም።»

አብሯት የመጣው ዘመዷ «ለዕዳ የሚታሰረው ደረቅ ቼክ የጻፈ ነው ሲባል ነው የምሰማው» ብሎ ተከራከረ። ይህን ስንት ሰው እንደሚያደባልቀው! ደረቅ ቼክ፣ ማለትም በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ መጻፍ፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚያስከስስ ወንጀል ነው፤ ጥፋተኛ የተባለ ሰው ይቀጣል። የፍትሐ ብሔር እስራት ግን ቅጣት ሳይሆን ማስገደጃ ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ እስራትን ያስቀመጠው እያለው እንቢ ለሚል ባለዕዳ ነው። ኢትዮጵያ በ1985 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 11 ሰው የውል ግዴታውን መወጣት ስላልቻለ ብቻ አይታሰርም ይላል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት ደግሞ ይህ ቃል ኪዳን የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የእኛ ደንበኛ ችግር ማጣቱ ላይ መደበቅ መጨመሩ ነበር።

ታሳሪው ዘንድ ስንሄድ አለቃዬ ነጭ ወረቀት አወጡና «ያለህን ሁሉ ንገረኝ፣ እኔ እጽፋለሁ» አሉት። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ቴሌቪዥን አለና ቆመ።

«መሰንጠቂያ ማሽኑስ?»

«ጋሼ፣ እሱን አይጻፉብኝ፤ ይወስዱታል።»

«አይወስዱትም። የምትተዳደርበትን የሥራ መሣሪያ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 404 ከመከበር፣ ማለት ለዕዳ ከመያዝ፣ አውጥቶታል። ሳይጻፍ ቀርቶ ባለመብቱ ካገኘው ግን ዳግመኛ ደበቀ ትባላለህ።»

ማሽኑ ተጻፈ። ወዲያው ሳይጠየቅ የአባቱን ቤት አነሳ፤ አልተከፋፈለም፣ እናቱ ይኖሩበታል፣ ድርሻው ለአራት ወንድማማቾች ነው። ይህን ሲናገር ቀና ብሎ አላየንም። «እናቴን ከቤት ያስወጧታል» አለ። አለቃዬ ድርሻው ያልተከፋፈለ መሆኑን፣ እናቱም እዚያው እንደሚኖሩ አብረው ጻፉ። ስለ ባጃጁ ያለው አጭር ነው፤ ስሙ የተዛወረው ከክሱ በኋላ ነው፣ ወንድሙም ሊመልስ ተስማምቷል። ወንድምየው እስኪፈርም ድረስ ያጉረመረመውን እኔ ነኝ የሰማሁት።

በመጨረሻ «ኪሳራ ይታወጅልኝና ልገላገል» ብሎ ጠየቀ። የንግድ ሕጉ የኪሳራ ሥርዓት ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር የተበጀ ነውና ለጓደኛው የፈረመ አናጢ በዚያ በር አይገባም።

አቤቱታው ዝርዝሩንና ቃለ መሐላውን አባሪ አድርጎ ገባ። የተጠየቀው ሦስት ነገር ነው፦ ባጃጁ ተከብሮ በሐራጅ ይሸጥ፣ ቀሪው በየወሩ ይከፈል፣ ታሳሪው ይፈታ። በቀጠሮው ቀን የባለመብቱ ጠበቃ ስለ ቴሌቪዥኑ ሳይቀር መረመረው። አናጢው እንደ በፊቱ አልተንተባተበም፤ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር አልተገኘበትምና። ዳኛዋ ወርሃዊ ክፍያውን ካቀረብነው ከፍ አድርገው እንዲፈታ አዘዙ። የባለመብቱ ጠበቃ ኮሪደር ላይ «በዚህ አካሄድ ዕዳው እስኪያልቅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ይገባል» እያለ አማረረብኝ፤ እውነት አለው፣ ደንበኛው ገንዘቡን በአንዴ አላገኘም።

እኔን የከበደኝ ለቤተሰቡ ማስረዳቱ ነው። እልል ብለው ሊቀበሉት መጡ፤ ዕዳው የቀረለት መስሏቸዋል። ሰውየው ተፈታ እንጂ መዝገቡ አልተዘጋም፤ ወርሃዊ ክፍያውን ካስተጓጎለ ወይም የአባቱ ቤት ሲከፋፈል ድርሻው ከታወቀ ባለመብቱ መልሶ ይመጣል። አናጢው ይህን ሲሰማ ወንድሞቹ ቤቱን ባይከፋፈሉ ይሻል እንደሆነ አለቃዬን ጠየቃቸው። «እሱ ሌላ መዝገብ ነው፣ ሌላ ክፍያ» ብለውት ወደ መኪናቸው ሄዱ።