በእርሳስ የተጻፈ ደረጃ

ሐምሌ 2፣ 2017

መብራት ጠፍቶ ሻማ ስፈልግ መሳቢያው ውስጥ ያገኘሁት የሩጫ ደረጃ የምመዘግብበትን የድሮ ደብተሬን ነው። ሻማውማ የለም። በስልኬ መብራት ማገላበጥ ጀመርኩ።

ደብተሩን የጀመርኩት ክለብ ውስጥ ስሮጥ ነው። ኮች የክለቡን የምንጊዜም ፈጣን ሰዓቶች በየርቀቱ አሥር አሥር ስም አድርገው ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ ነበር። ሁልጊዜ በእርሳስ። «ለምን በእስክሪብቶ አይጽፉትም?» ብላቸው፣ «አንተ መጥተህ ታስጠርገኛለህ ብዬ ነዋ!» አሉኝ። እውነትም አንድ ዓመት አስጠረግኳቸው። 5 ሺህ ላይ ዘጠነኛ ሆኜ ገባሁ። ከቢሮው በራፍ መጥፋት አቃተኝ።

በዚያው ዓመት ግን ክለቡ ጉድ ሠራ። ከታች የመጡት ልጆች በአንድ ውድድር ብቻ ሦስት ሆነው አለፉኝ። ዘጠነኛ የነበርኩት አሥራ ሁለተኛ። ዝርዝሩ ደግሞ አሥር ላይ ያበቃል። ክለቡ እንዲህ ያለ ዓመት አይቶ አያውቅም ተብሎ ሲጨፈር እኔም ጨፈርኩ። ማታ ግን እራት አልበላሁም።

ሩጫ ሲበቃኝ ደብተሩ ወደ ዓለም ደረጃ ዞረ። በላጲስ ብዛት ወረቀቱ የሳሳው የ2015 ማብቂያና የ2016 መግቢያ ገጽ ነው።

ሰኔ 2፣ ፓሪስ። ላሜቻ ግርማ 3 ሺህ መሰናክልን በ7፡52.11 ጨርሶ 19 ዓመት ገደማ የቆየውን የኳታሩን ሯጭ የሻሂንን ሪከርድ ሰበረ። ጮኼ ጎረቤት ቀሰቀስኩ። በዚያው ምሽት፣ በዚያው ሜዳ፣ ኬንያዊቷ ፌይዝ ኪፕዬጎን የለተሰንበትን 5 ሺህ በ14፡05.20 ወሰደች። የገንዘቤን 1500 ከወሰደች ገና ሳምንቷ ነበር። በአንድ ገጽ ላይ እንዲህ ስስቅና ስበሳጭ ላጲሱ አለቀ።

ከዚያ አዲስ ዓመት ገባ። መስከረም 6፣ ዩጂን፣ ጉዳፍ ፀጋይ 14፡00.21። 5 ሺውን መለሰችው። ከ14 ደቂቃ በታች ለመግባት የጎደላት 22 መቶኛ ሰከንድ ነው፤ ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አይሞላም።

በሳምንቱ እሑድ ደግሞ በርሊን። ትዕግስት አሰፋን እኔ የማውቃት በ800 ሜትር ነው፤ ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ የሮጠችውም እሱን ነበር። እሷ ናት ማራቶንን 2፡11፡53 የገባችው። የዓለም ሪከርድ 2፡14፡04 ነበር። ማራቶን ላይ ሰው በሰከንድ ሲጣላ እሷ ሁለት ደቂቃ ከምናምን ቆረጠችለት። ዓይኔ ያሳሳተኝ መሰለኝና ቁጥሩን ሦስቴ ነው የጻፍኩት።

ኮች ቢኖሩ «እስቲ በእስክሪብቶ ጻፈው» እንደማይሉኝ አውቃለሁ። ልክም ነበሩ። በጥቅምት 2017 ቺካጎ ላይ ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች 2፡09፡56 ገባች፤ ትዕግስት አንድ ዓመት ብቻ ከላይ ቆይታ ወረደች። ባለፈው ቅዳሜ ሌሊት ደግሞ፣ እዚያው ጉዳፍ በሮጠችበት ዩጂን፣ ሌላዋ ኬንያዊት ቢያትሪስ ቼቤት 5 ሺውን 13፡58.06። ያቺ የ14 ደቂቃ አጥር ተነቀለች። ይህን ገና አልጻፍኩትም ነበር። ዛሬ በስልክ መብራት ጉዳፍን ሁለተኛ አድርጌ ጻፍኳት። እጄ አልፈለገም።

የላሜቻን እስካሁን የነካው የለም። እሱን ሳየው ደስ ይለኛል።

ደብተሩ መጨረሻ ላይ አንድ የታጠፈ ወረቀት አለ። ኮች የዚያን ዓመት አዲሱን ዝርዝር ሲለጥፉ አሮጌውን ስጡኝ ብዬ የወሰድኩት ነው። ዘጠነኛው ቦታ ላይ የሌላ ልጅ ስም አለ። ስልኩን ከጎን ዝቅ አድርጌ ሳበራው ግን ከሥሩ የእኔም ይነበባል። ሲጽፉ እርሳሱን ጫን ያደርጉ ነበር።