ቪጎዬን ከፍ ለማድረግ 8 ወር ፈጀብኝ፣ አሁን ግን ኳኳታው ጠፍቷል

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ጠዋት ከደብረ ብርሃን ተነስቼ ጣርማበር፣ ዋሻውን አልፌ ደብረ ሲና፣ ከዛ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ማታ ቤቴ ገባሁ። መኪናዋ አንድም ቦታ ኳ አላለችም። እንደደረስኩ በባትሪ መብራት የፊት ጎማዎቹን ከውስጥ በኩል አየኋቸው፣ ደረቅ ናቸው፣ አቧራ ብቻ። ይሄ ለሌላ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል፣ እኔ ግን ከጎማው ስር ቁጭ ብዬ ደስ ብሎኝ ነው የቆየሁት። እናም ሊፍት ኪት፣ ማለት መኪናን ከፍ የሚያደርግ የሞላ፣ የባሌስትራና የአሞርዛተር ስብስብ፣ ልትገዙ የምታስቡ በውስጥ መስመር ስለምትጠይቁኝ ያለፍኩበትን ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

መኪናዋ የ2009 ሞዴል ቶዮታ ሃይሉክስ ቪጎ ፒካፕ ናት፣ ዳብል ጋቢና፣ 2.5 ናፍጣ፣ ከአጎቴ ነው የገዛኋት። ለምን ከፍ ላድርጋት አልኩ ካላችሁ፣ አምና ሐምሌ ላይ ከእነዋሪ ወጣ ብሎ ጅሩ ውስጥ ዘመድ ጥየቃ ስሄድ ዋልካው ያዘኝ። የጅሩን ጥቁር አፈር የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ትራክተር የሄደበት ቦይ ውስጥ ገብቼ መኪናዋ በሆዷ ተኛች፣ በሬ ጠምደው ነው ያወጡኝ። በማግስቱ ስለ ሊፍት ማንበብ ጀመርኩ፣ ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ፣ በቃ ሌላ ወሬ አልነበረኝም።

መጀመሪያ የገባኝና ሁሉም ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር፣ ሊፍት ኪት የኋላውን ዲፈረንሻል፣ አክሰሉ መሃል ያለውን ድቡልቡል የማርሽ ቤት፣ አንድ ሚሊ እንኳ ከፍ አያደርገውም። የኋላ አክሰሉ ጎማው ላይ ነው የቆመው፣ ሞላውም ባሌስትራውም (ቅጠል ቅጠል ብረት ተደራርቦ የተሰራው የኋላ ሞላ) ከሱ በላይ ያለውን ነው የሚያነሱት። የቪጎ የፊት ዲፈረንሻል ሻንሲው ላይ ስለታሰረ ከሻንሲው ጋር አብሮ ይነሳል፣ የኋላው ግን የሚነሳው በጎማ ብቻ ነው። እኔ ላይ 265/70 በ16 ነበር የታሰረው፣ ወደ 265/75 ስቀይር ዲፈረንሻሉ 13 ሚሊ ገደማ ተነሳ፣ ይሄው ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ደግሞ 80 ሲል እውነተኛው 83 አካባቢ ሆነ፣ ይሄንንም አትርሱ። እና ችግራችሁ የኋላ ዲፈረንሻል መታከክ ብቻ ከሆነ ኪት ከመግዛታችሁ በፊት ጎማችሁን እዩ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥፋቴ ልምጣ። ኪት ውድ ነው፣ ዋጋውን አልጽፍም ምክንያቱም እናንተ ስታነቡት ተቀይሯል። እኔም ብር ለማትረፍ ብዬ ስፔሰር ላሰራ አልኩ፣ ማለት የፊት አሞርዛተሩ ከነሞላው ሻንሲው ላይ የሚታሰርበት ጫፍ ላይ የሚገባ ወፍራም ቀለበት። ቶርኖ ቤት ሄጄ፣ 2 ኢንች ማንሳት ስለፈለግኩ 50 ሚሊ ውፍረት ያለው አሉሚኒየም አሰራሁ። ሂሳቡ ትክክል መስሎኝ ነበር፣ 50 ሚሊ ብረት ካስገባሁ 50 ሚሊ ትነሳለች። አይደለም! አሞርዛተሩ ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው የታችኛው ክንድ ላይ የሚታሰረው ጎማው ጋ ሳይሆን መሃል አካባቢ ነው፣ ክንዱ ደግሞ እንደ በር ነው፣ ማጠፊያው አጠገብ ትንሽ ስትገፋው ጫፉ ብዙ ይሄዳል። እንዲህ አይነት መኪና ላይ እላይ የገባ ስፔሰር ጎማው ጋ ሲደርስ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይሆናል። የኔ 50 ሚሊ 88 ሚሊ አነሳት።

እኔ ግን ያኔ አልለካሁም። ቁመናዋን አይቼ ደስ አለኝ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ለጓደኞቼ ላክሁ፣ ለአንዱ ጓደኛዬማ አንተም አሰራ ብዬ ቶርኖ ቤቱን ራሴ ነው የጠቆምኩት። እዚህ ላይ እመለሳለሁ።

በሳምንቱ ከጣርማበር ወደ መሃል ሜዳ ስሄድ ኳኳታው ጀመረ። ጉድጓድ ውስጥ ስገባ አይደለም፣ ልብ በሉ፣ ከጉብታ ላይ ስወርድ፣ ጎማው ወደታች ሲንጠለጠል ነው ኳ የሚለው፣ ብረት በብረት። ከዛ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ያልፈታሁት የለም። የስታቢላይዘሩን ጎሚኒ ቀየርኩ፣ ኳ። የአሞርዛተሩን ብሎኖች ፈትቼ አጠበቅኩ፣ ኳ። ቴስቲና (ክንዱን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ኳስ መሰል መገጣጠሚያ) ነው አሉኝ፣ ገዝቼ አስቀየርኩ፣ ለሦስት ቀን ጸጥ ያለ መሰለኝ፣ አራተኛው ቀን ኳ። መሪው ደግሞ ከ70 በላይ ስነዳ ወዲህ ወዲያ ይላል፣ ሁለት እጄን ከመሪው ላይ ማንሳት አልችልም። አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) ለማሰራት ሞከርኩ፣ ልጁ ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው አዙሮ አልገባ ሲለው "ወንድሜ ይቺ መኪና በጣም ተነስታለች፣ እኔ ላግዝህ አልችልም" ብሎ ብሬን መለሰልኝ። ያ ልጅ ብሬን መቀበል ይችል ነበር፣ ሀቀኝነቱን አልረሳውም።

ነገሩን የፈታልኝ እዚሁ ደብረ ብርሃን ያሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ ናቸው። የድሮ ላንድክሩዘር ሲሰሩ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ስለ ሊፍት ኪት ብዙ ወሬ የላቸውም። መኪናዋን አስነድተው አልሞከሩም፣ ኮፋኖም አልከፈቱም። "ልጄ፣ ክሪክ አምጣ፣ ጎማው እስኪንጠለጠል አንሳት" አሉኝ። አነሳኋት። ጎማው ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ከዛ ቀስ ብሎ ኳ። እጄን ይዘው ወደ ላይኛው ክንድ ወሰዱኝና "ዳስሰው" አሉ። የላይኛው ክንድ ሞላው ላይ ተኝቷል! ሞላው ላይ ቀለሙ ተፍቆ የጣት ስፋት ያህል እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ቦታ ነበር፣ ስንት ሺህ ጊዜ ቢመታው ነው እንዲህ የሆነው። ከታች ደግሞ የአክሰሉ መታጠፊያ ላይ ያለው ባለ ብዙ እጥፋት የጎማ ሽፋን፣ ሲቪ ቡት የሚባለው፣ ከመለጠጡ ብዛት እጥፋቱ ላይ ተሰንጥቆ ቸርኬው ከውስጥ በኩል በጥቁር ግሪስ ተለውሷል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፋብሪካው የሰራት መኪና ላይ ጎማው እስከየት እንደሚወርድ የሚወስነው የአሞርዛተሩ ርዝመት ነው፣ ተዘርግቶ ሲያልቅ ያቆመዋል። እላይ ስፔሰር ስታስገባ አሞርዛተሩን በሙሉ ወደታች ነው የገፋኸው፣ ስለዚህ ጎማው ፋብሪካው ካሰበው በታች ይወርዳል፣ ክንዱ ሞላውን ይመታል፣ ቴስቲናው ከአቅሙ በላይ ይታጠፋል፣ ቡቱም ይቀደዳል። ቴስቲናው ከመጀመሪያውም ጤነኛ ነበር፣ እኔ ነኝ የገደልኩት።

ከዛ ጋሼ ሜትር አወጡ። ጓዶች፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይሄን ያዙ፣ ሊፍት የሚለካው ከመሬት እስከ ፓራውልት አይደለም፣ የጎማ ንፋስ ብዛት ያሳስታችኋል። ሜዳ የሆነ ሲሚንቶ ላይ አቁማችሁ፣ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ቀጥ አድርጋችሁ ለኩ፣ አራቱንም ጎማ፣ ከዛ ጻፉት። ደግነቱ አጎቴ ጋ ያለችውን ተመሳሳይ ቪጎ ለካሁና የኔንም ስፔሰሩን አውጥተን ለካነው፣ ግራ ፊት 495 ሚሊ፣ ቀኝ 490፣ ኋላ 515 ነበረች። ስፔሰሩ ሲገባ ግራ ፊት 583። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ሳየው ነው የደነገጥኩት። ያቺ ወረቀት አሁንም ጋቢናው ውስጥ ተለጥፋለች፣ ከመፍቻዎቼ ሁሉ በላይ የምወዳት መሳሪያ ሜትሬ ናት።

ስፔሰሩን ቶርኖ ቤት መልሼ 25 ሚሊ አስቆረጥኩት፣ ከፍታው ልክ መጣ፣ ኳኳታውም ቀነሰ፣ ግን ጠጠር መንገድ ላይ በፍጥነት ከሆነ አሁንም አልፎ አልፎ ይመታ ነበር። ያኔ ነው ቁርጤን አውቄ ኪት ለመግዛት የወሰንኩት።

እዚህ ላይ ሁሉም የሚጠይቀው "ስንት ኢንች?" ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ግን "ስንት ኪሎ?" ነው። ኪቶቹ የሚሸጡት በክብደት ተከፋፍለው ነው፣ ለፊት ቡል ባር (የፊት መከላከያ ብረት) የሌለው፣ የብረት ቡል ባር ያለው፣ ቡል ባርና ዊንች (በገመድ መጎተቻ) ያለው፣ ለኋላ ደግሞ ባዶ የሚሄድ፣ ሁልጊዜ እስከ 300 ኪሎ የሚጭን፣ ከዛ በላይ የሚጭን እያለ ይቀጥላል። "ሁልጊዜ" የምትለዋን ቃል አስምሩባት፣ በዓመት አንዴ ለበዓል በግ የምትጭኑትን አይደለም። እኔ ጠንካራው ይሻላል ብዬ ከባዱን ልገዛ ነበር። እህል የሚመዘንበት የመኪና ሚዛን ላይ አስመዘንኳት፣ መጀመሪያ የፊት ጎማ ብቻ፣ ቀጥሎ ሙሉ፣ ቀጥሎ የኋላ ብቻ። ፊት 1,140፣ ኋላ 940፣ ድምር 2,080 ኪሎ፣ ይሄ ከነቡል ባሩ፣ ከነመሳሪያ ሳጥኑ፣ ከነሁለት ጀሪካን ናፍጣው ነው። ከኋላ ሁልጊዜ የምሸከመው ዕቃ ሲደመር ወደ 170 ኪሎ ነው። ከባዱን ባሌስትራ ብገዛ ኖሮ ጠጠር መንገድ ላይ ኋላዋ እንደ ፍየል ይዘል ነበር።

ብራንድ ላይ ብዙ ክርክር አለ፣ ኦልድ ማን ኢሙ፣ ዶቢንሰንስ፣ አይረንማን፣ ታፍ ዶግ፣ ሁሉም የአውስትራሊያ ናቸው፣ ቢልስታይን የጀርመን ነው። የኔ አቋም፣ ለክብደታችሁ ልክ የሆነው መካከለኛ ብራንድ፣ ለክብደታችሁ ልክ ካልሆነው ምርጥ ብራንድ ይበልጣል። እኔ ኦልድ ማን ኢሙ ነው ያገኘሁት፣ ዘመድ ከዱባይ በሁለት ዙር ነው ያመጣልኝ፣ ሞላ ሻንጣ ውስጥ ቀላል አይደለም። ከገባ በኋላ ግራ ፊት 537፣ ቀኝ 534፣ ኋላ 553። አላይመንቱ በአንድ ጊዜ ገባ።

ባሌስትራ ላይ ቅጠል መጨመር ወይም ከስሩ ታኮ ማስገባት የምትሉ አላችሁ። ሁልጊዜ ጭነት ለሚጭን ቅጠል መጨመር ሊያስኬድ ይችላል፣ ባዶ ለሚሄድ ግን ወገብ ይሰብራል። ታኮውን አልወደውም፣ ሽቅብ ላይ በትልቅ ጉልበት ስትነሱ አክሰሉን ይጠመዝዘዋል። ባሌስትራ የምታስቀይሩ ደግሞ የጎሚኒዎቹን ብሎን መኪናዋ ተንጠልጥላ አታስጠብቁ፣ መሬት ላይ ቆማ ክብደቷን ስትይዝ ነው የሚጠበቀው፣ አለዚያ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ስለሚኖር ቶሎ ያልቃል። ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር የሚያስሩትን ዩ ቦልቶች ከመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና አጥብቋቸው።

አንድ በጣም የሚያሳስበኝ ነገር አለ፣ ማንም ሲያወራው አልሰማሁም። ብዙ ፒካፖች ላይ ከኋላ አክሰሉ ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። ጭነት ኖሮ ሻንሲው ወደ አክሰሉ ሲጠጋ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል፣ ሲርቅ መኪናዋ ባዶ ናት ብሎ ይቀንሳል። ከፍ ስታደርጓት ቫልቩ ሁልጊዜ ባዶ ናት ብሎ ነው የሚያስበው፣ የኋላ ፍሬናችሁ ይደክማል፣ ሸክሙ ፊት ላይ ይወድቃል። ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ቁልቁል ነው የምንወርደው፣ እዛ ላይ ይሄ ጨዋታ አይደለም። የዘንጉን መያዣ በተነሳችው ልክ ከፍ ማድረግ ነው መፍትሄው። የፍሬን ቱቦዎቹም ጎማው ሲንጠለጠል እንዳይወጠሩ እዩ፣ የፊት መብራታችሁንም ዝቅ አድርጉ፣ ከፊት የሚመጣው ሰው ዓይን ውስጥ ነው የሚገባው።

ያ ጓደኛዬ እኔ በጠቆምኩት ቶርኖ ቤት አሰርቶ፣ የሱም ቡት ተቀደደ፣ ሳያውቅ ነድቶት አክሰሉ አሸዋ ገብቶበት ጮኸ። ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት፣ የአክሰሉን ግማሽ ከፈልኩ፣ ቀሪውን አልቀበልም አለኝ። ከዛ ወዲህ ያልለካሁትን ነገር ለሰው አልመክርም። ይሄን ጽሑፍም እስከ ትናንት ያቆየሁት ለዚህ ነው።

አሁን የቀረኝ የቫልቩ መያዣ ነው፣ ለጊዜው ያሰራሁት በመገጣጠም ስለሆነ ቅዳሜ ጋሼ ጋ በደንብ እናስረዋለን። እሱ ሲያልቅ መንዝ ውስጥ ያለው የጓሳ ጥብቅ የሣር ቦታ ለመሄድ አስበናል፣ መምጣት የምትፈልጉ ጻፉልኝ፣ ግን ከተሰራው መንገድ ወጥቶ ሣሩ ላይ መንዳት የለም፣ መኪናችሁ የፈለገ ከፍ ትበል። የመንዝ ሰው ያንን ሣር በቄሮ ሥርዓት፣ ማለት ሣሩን በጋራ በሚጠብቅበት ባህላዊ ሕግ፣ ስንት መቶ ዓመት ጠብቆ ያቆየው ነው። እና ከመምጣታችሁ በፊት አራቱንም ጎማ ለክታችሁ ቁጥሩን ላኩልኝ፣ ከወረቀቴ ላይ እጽፈዋለሁ።