ብትጣሊስ?

ቪዛው ከወጣልኝ ሰነባብቷል፤ እማዬ ግን አሁንም አላመነችም። "እስቲ አሳዪኝ" ትለኛለች። ምኑን ላሳያት? ፓስፖርቴ ላይ ምንም አልተለጠፈም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2025 ወዲህ ለሥራና ለትምህርት ለሚሄዱ አብዛኞቹ ሰዎች ስቲከር መለጠፍ ትታለች። ኢሜይል ይመጣል፣ አካውንት ይከፈታል፣ ፎቶና ፈቃዱ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። አለቀ። ስልኬን ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ወደ ላይ ወደ ታች ስታየው ቆየችና "ይሄማ ስልክ ነው" ብላ መለሰችልኝ። ጎረቤት ቡና ሲመጣ የምታሳየው አጥታ ተቸግራለች። በመጨረሻ ገጹን ኢንተርኔት ቤት ሄጄ በከለር አሳትሜ ሰጠኋት። አሁን ከፎቶ አልበሙ ጋር ተቀምጧል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይወጣል።

ነርስ ነኝ። አዲስ አበባ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ በቀዶ ሕክምና ዋርድ ስሠራ ዓመታት አለፉኝ። የምሄደው ሰሜን እንግሊዝ ወዳለ ሆስፒታል ነው። ስሙን አልጽፍም። ገና አንድ ቀን ሳልሠራለት ስለ ውሉ ላወራበት ነውና ይቅርብኝ።

ሥራ ቦታ በየቀኑ "እንዴት ሄድሽበት?" የሚለኝ ስለበዛ መንገዱን በአጭሩ ልጻፈው። መጀመሪያ ኤንኤምሲ ነው፤ የብሪታንያ የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት። እሱ ሳይቀበል ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። ለእሱ ደግሞ አይልትስ የሚሉት የእንግሊዝኛ ፈተና ይፈለጋል፤ በማንበብ፣ በማዳመጥና በመናገር 7፣ በመጻፍ 6.5። ሰውን የሚጥለው መጻፉ ነው። እኔንም አንገላቶኛል። ቀኑን ሙሉ ቻርት በእንግሊዝኛ ስሞላ የምውል ሴት፣ "ከተማ መኖር ይሻላል ወይስ ገጠር" የሚል ድርሰት ሲሰጡኝ እጄ ይተሳሰራል። ቀጥሎ ሲቢቲ የሚሉት የኮምፒውተር ፈተና አለ። 15 የስሌት ጥያቄ በ30 ደቂቃ፣ ከዚያ 100 የሙያ ጥያቄ በሁለት ሰዓት ተኩል። ስሌቱን እንኳን ወድጄዋለሁ። ይህን ያህል ሚሊግራም ታዟል፣ አምፑሉ ይህን ያህል ይይዛል፣ ስንት ሚሊ ሊትር ትስቢያለሽ? ይሄ የዕለት እንጀራዬ ነው።

ያደከመኝ ወረቀቱ ነው። ኦሪጅናል ዲግሪ ለማውጣት ኮስት ሼሪንጉን ከፍሎ መጨረስ ግድ ነው። እኔ እስካሁን በቴምፖ፣ በጊዜያዊው ወረቀት ነበር የምኖረው። እሱን ስዘጋ የስም ጣጣ መጣ። የአባቴ ስም ኃይሉ ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ዲግሪዬ ላይ መሃሉ "አይ" ነው፣ ፓስፖርቴ ላይ "ዋይ"። የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ደግሞ መጨረሻው ላይ አንድ "ኦ" ጨምሮልኛል። ሬጅስትራር ያለው ሰውዬ ሦስቱንም ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ሲያይ ቆየና፣ "እህቴ፣ ይሄ እኮ አንድ ሰው ነው" አለኝ። "ለእኔና ለእርስዎ ነው ጋሼ፣ ለኮምፒውተሩ ሦስት ነው" አልኩት። ሦስቱም እኔ መሆኔን የሚያረጋግጥ ሌላ ወረቀት እስኪሠራ ስንት በር አንኳኳሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። አይኦኤም (ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት) ሄዶ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ፣ አሻራ፣ ክፍያ። ለጤና ባለሙያ እስከ ሦስት ዓመት የሚያቆየው ቪዛ በ2025 ዋጋው 304 ፓውንድ ነበር። ሌላው ሰው በየዓመቱ የሚጠየቀው 1,035 ፓውንድ የጤና ክፍያ እኛን አይመለከተንም። እሱን ሳነብ ብቻዬን "እሰይ!" ብያለሁ።

ሥራውን ያገኘሁት ራሴ አመልክቼ ነው። በዚህ ነገር ደላላ ሊኖር አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 የጤና ባለሙያ እጥረት የጠናባቸውን 55 አገሮች ሲዘረዝር ኢትዮጵያም አለችበት። ብሪታንያ በደንቧ ከእነዚህ አገሮች ሄዶ መመልመልን ትከለክላለች። ሰው በራሱ ካመለከተ ግን ይቀጠራል። ዝርዝሩ ደግሞ ውሸት የለበትም። ሌሊት ተረኛ ስሆን ለሞላ ዋርድ ሁለት ነን፤ አንዷ ድንገተኛ ከተጠራች ሌላዋ ብቻዋን ናት። ስለዚህ ጉዳይ የሚከነክነኝ ብዙ ነው፤ ሌላ ቀን ራሱን አስችዬ እጽፈዋለሁ።

የቅጥር ደብዳቤው ሲደርሰኝ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነው የጠየቀኝ። ስንት ይከፍሉሻል? ባንድ 5 የሚባለው የነርስ መነሻ ደሞዝ በ2025/26 በዓመት 31,049 ፓውንድ ነበር። ኦስኪ የሚሉትን የተግባር ፈተና እዚያ ሄጄ እስካልፍ ድረስ ግን ከዚያ ዝቅ ባለ እርከን ነው የምከፈለው። ግብር አለ፣ የቤት ኪራይ አለ። ይሄን የሚሰማኝ የለም። ፓውንዱን በብር ማባዛት ከጀመሩ በኋላ ጆሯቸው አይሠራም።

ሌላ ነገር የጠየቀችኝ ታላቅ እህቴ ብቻ ናት። እታለም ነው የምንላት። ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ የተመለሰች ናት፤ አሁን ደሴ ትንሽ ሱቅ አላት። ደውዬ ውሉን እየተረጎምኩ አነበብኩላት። ደንበኛ ሲመጣ "ቆይ" እያለች፣ ሳሙናውንም ዘይቱንም እየሸጠች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ፣

"ብትጣሊስ?" አለችኝ።

"ከማን ጋር?"

"ከአሠሪሽ ጋር ነዋ! ብትጣሊ ምን ትሆኛለሽ?"

የምመልሰው ጠፋኝ። ውሉን ሁለት ሦስቴ አንብቤዋለሁ፤ ያነበብኩት ግን ለመሄድ ነበር። እሷ የምትሰማው ለመውጣት ነው።

እታለም ጅዳ እንደገባች ካፊሉ፣ ማለትም ስፖንሰር ሆኖ ያስመጣት አሠሪዋ፣ ፓስፖርቷን ተቀብሎ ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ከእሱ ቤት ወጥታ ሌላ ቤት መሥራት አትችልም፤ ከወጣች ሕገወጥ ናት። አገሯ ለመግባትም የእሱ ፈቃድ ያስፈልጋታል። ሳዑዲ በ2021 ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ የሚቀይርበትን መንገድ ስትከፍት የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም። ይሄን ዜና የነገርኳት እኔ ነኝ። "እኛንማ ማን ሰው ብሎ" ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች።

የእኔን ከእሷ ጋር ማወዳደር ነውር ነው። ፓስፖርቴ እጄ ላይ ነው፤ ሕግ አለ፣ የሠራተኛ ማኅበር አለ። ጥያቄዋ ግን ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው ያረፈው። ቪዛው በእኔ ስም ይሁን እንጂ የቆመው በሆስፒታሉ ነው። የስፖንሰርነት ሰርተፍኬት የሚሉትን ቁጥር የሰጠኝ እሱ ነው። ሥራው ከቀረ ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው 60 ቀን ነው። በ60 ቀን ውስጥ ሌላ ስፖንሰር ካልተገኘ ሻንጣ ማሰር ነው። ቢገኝም እንደ አዲስ ማመልከት አለ። ቋሚ መኖሪያ ለመጠየቅ የነበረው ደንብ አምስት ዓመት ነው። መንግሥት በሜይ 2025 ባወጣው ሰነድ ደግሞ ወደ አሥር ላሳድገው ብሏል። አሥር ዓመት ሙሉ ከአለቃ ጋር አለመጣላት! እኔ ከማትሮኗ፣ ከነርሶቹ አለቃ ጋር ሳልነታረክ የዋልኩበት ሳምንት ትዝ አይለኝም።

ደግሞ መጣላትም ላያስፈልግ ይችላል። ከ2022 እስከ 2024 ባለው ጊዜ ብሪታንያ ውስጥ ከ470 በላይ የእንክብካቤ (አረጋውያንንና ሕሙማንን የሚጦሩ) ድርጅቶች የስፖንሰርነት ፈቃዳቸውን ተነጥቀዋል። ያጠፋው ድርጅቱ፣ የሚባረረው ሠራተኛው። ከነዚህ ሰዎች ውስጥ ቤት መሬት ሸጦ ለደላላ ከፍሎ፣ እዚያ ሲደርስ ሥራው የሌለ ነገር የሆነበት አለ። ያ የእንክብካቤ ሠራተኞች በር ራሱ ከጁላይ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ከውጭ አዲስ ለሚመጣ ተዘግቷል። እዚህ ግን ዛሬም "የኬር ቪዛ አለን" ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚሰበስብ ሰው አለ። ካያችሁ ሽሹ።

ሁለተኛው የእታለም ጥያቄ ስለ ገንዘቡ ነበር። "ያወጡብሽን ይጠይቁሻል?" አለችኝ። ገለጥኩት። አለ፤ ወደ መጨረሻው፣ ስለ ዓመት ፈቃድና ስለ ደንብ ልብስ ከሚያወራው ቀጥሎ። ከሁለት ዓመት በፊት ከለቀቅኩ የአውሮፕላን ትኬቱን፣ የመጀመሪያ ወር ማረፊያውን፣ የኦስኪውን 794 ፓውንድ እመልሳለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ሙሉውን፣ በሁለተኛው ግማሹን። እዚህ ድረስ እሺ። ከሥር ግን ስፖንሰር ለመሆን የወጣው ወጪም ተጨምሯል። በ2025 ሰርተፍኬቱ ብቻ 525 ፓውንድ ነበር። ሳጣራ ይሄንን ወጪ አሠሪ ከዲሴምበር 31 ቀን 2024 ወዲህ ወደ ሠራተኛ ማስተላለፍ እንደማይችል አገኘሁ።

ኢሜይል ልጻፍ አልጻፍ ብዬ ተጨነቅኩ። ገና ሳትገባ ተከራካሪ፣ ይሉኝ ይሆን? ውሉን ቢሰርዙትስ? እኛ አገር አለቃን "ይሄ ልክ አይደለም" ማለት ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ጽፌ አጠፋሁት፣ ጽፌ አጠፋሁት። የአይልትስ ድርሰት እንደዚህ አላለፋኝም። መጨረሻ ላይ ሦስት መስመር ላክሁ። እያንዳንዱ ወጪ ተዘርዝሮ ይላክልኝ፣ ይኼኛው ደግሞ ደንቡ የሚፈቅደው አይመስለኝም፣ አመሰግናለሁ።

መልሱ በማግስቱ መጣ። የድሮ ቅጽ ነው፣ ይቅርታ፣ አውጥተነዋል። የተስተካከለው ውል ተያይዟል። ያ ሁሉ ጭንቀት ለዚህ!

ለእታለም ደውዬ ነገርኳት።

"አልተቆጡም?"

"ኧረ ይቅርታ ጠየቁኝ እንጂ።"

"ይቅርታ? አንቺን?" ሳቋን ማቆም አቃታት። ሱቁ ውስጥ ላለ ሰው "ይቅርታ ጠየቋት እኮ!" ስትል ይሰማኛል። ከዚያ ግን ድምጿ ተለወጠ። "ስሚ፣ ስልሳ ቀን የሚያኖርሽን ብርና የሚጠይቁሽን ብር ሳታስቀምጪ ለማንም እንዳትልኪ። ለእማዬም ቢሆን። ኋላ መናገር የሚያስፈልግሽ ቀን ሲመጣ አፍሽ እንዳይያዝ።"

ይሄን ከእሷ መስማት ይከብዳል። እታለም ከጅዳ የላከችው ብር የእማዬን ቤት አድሷል፣ ለእኔ የዩኒቨርሲቲ ኪስ ገንዘብ ሆኗል፣ ለወንድማችን ባጃጅ ገዝቷል። ስትመለስ በእሷ ስም ምንም አልነበረም። ሱቁን የከፈተችው በእቁብ ነው። አንዳችንም አልጠየቅናትም፤ ስንት አስቀመጥሽ ያላት የለም።

እሁድ ቤት ተሰብስበን ስንበላ አነሳሁት። የመጀመሪያዎቹን ወራት ምንም አልልክም፣ መጠባበቂያ እስካጠራቅም ታገሱኝ አልኩ። እማዬ ትንሽ ዝም ብላ "ያንቺን ደህንነት ነው የምፈልገው፣ እኔ ምን ጎደለኝ" አለች። ወንድሜ ግን ፊቱ ጠቆረ። ለካ ባጃጁን ሸጦ፣ ከላይ እኔ ልጨምርበት፣ ያገለገለ ሚኒባስ ዋጋ ሲያጠያይቅ ነበር። ሳይሰናበተኝ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኬን አያነሳም።

እታለም "ተይው፣ ጎማ ሲፈነዳበት ይደውላል" ብላለች።