ቀጠሮ ስጠብቅ የተዋወቅኳት ዳኛ

ዛሬ ጠዋቱን ሙሉ ፍርድ ቤት ተጎልቼ ዋልኩ። መጨረሻ ላይ መዝገቡ አልተመረመረም ተባለና ለሌላ ቀን ተቀጠርኩ። ምን ይደረግ!

ደግነቱ ጊዜው ባዶ አልሄደም። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬን ስጎረጉር ስለ አና ቻንዲ አነበብኩ። ሕንዳዊት ናት፣ የዛሬዋ የኬረላ ግዛት ሰው። በአካባቢዋ የሕግ ዲግሪ በመያዝ የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ነበረች። ጥብቅና ያዘች። ጎን ለጎን የሴቶች መጽሔት ታዘጋጅ ነበር (መቼ ነው የምትተኛው?)።

እ.ኤ.አ. በ1937 በትራቫንኮር (አብዛኛው ክፍሏ ዛሬ ኬረላ ውስጥ ያለ የቀድሞ ግዛት) በበታች ፍርድ ቤት ዳኛነት ተሾመች። በ1948 የአውራጃ ዳኛ ሆነች። ኬረላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የገባችው ግን በ1959 ነው። በሕንድ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት! እዚያም እስከ 1967 ሠራች።

እኔን የገረመኝ መሀል ያለው ጊዜ ነው። ከታችኛው ወንበር እስከ ላይኛው 22 ዓመት። እኔ በአንድ ጠዋት ስንት ጊዜ እንደተነጫነጭኩ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ይመስክሩ።

ለነገሩ ቀጠሮውን የሰጡኝ ዳኛም ሴት ናቸው። ስወጣ ዞር ብዬ አየኋቸው። ቀጣዩን መዝገብ ከፍተው አቀርቅረዋል።